ሳቁ በማን ላይ ይውደቅ?

በጎንደር ለቴአትር ክበባት አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቴአትር ክበባት አባላት፣ መምህራን፣ ከአዘዞም ከማራኪም ከአዲስ ዓለምም የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እስቲ ተነሡና ወደ ፊት ጠጋ በሉ። አዎ፣ እናንተም፣ ከአምዱ ሥር ያላችሁት። ይህን የምለው ድምፄን ለመቆጠብ አይደለም። ሳቅ ከጎን ካለው ሰው የሚጋባ ነገር ነው። ሁለት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ሰባ ሰው ተበታትኖ ከተቀመጠ፣ ጥሩ ቀልድ እንኳ ፈገግታ ሆኖ ይቀራል። ያው ሰባ ሰው ፊት ለፊት ተጠጋግቶ ቢቀመጥ ግን አዳራሹ ይናወጣል። ኮሜዲ የምታሳዩ ሁሉ የኋላ ረድፎችን በገመድ ዝጉ፤ የፊቱ ሲሞላ ክፈቱ። ይህችን እንደ መግቢያ ያዙልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ ከባድ ነው፤ ስለ እምነት፣ ስለ መናናቅና ስለ መቀባበል የመድረክ ኮሜዲ እንዴት ይሠራል? ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሳቁ በማን ላይ ይውደቅ? ሁለተኛ፣ ጽሑፉ እንዴት ይገንባ? ሦስተኛ፣ ምን መድረክ ላይ ይውጣ፣ ምን አይውጣ፣ መቼስ ይታይ? ሁለተኛው ይረዝማል፤ መካከል ላይ ከመንገድ ብወጣም ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። «በሃይማኖት አይቀለድም» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ሃይማኖትና «እኔ ብቻ ነኝ ሃይማኖተኛ» ባዩ ሰውዬ አንድ ናቸው እንዴ? አንድ ከሆኑ ጎንደር አለቃ ገብረ ሃናን ምን ልታደርጋቸው ነው? እኚህ ሰው የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የምንለውን የማሕሌት ስልት እሳቸው ፈጠሩት፣ ልጃቸው ተክሌ አስፋፋው። ማሕሌት ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው እንግዲህ ቀልዱን የሚያፈሱት። የቀለዱት ከውጭ ሆነው ነው? አይደለም። ካህኑን ሲነኩ ካህን ሆነው ነው፤ መኳንንቱን ሲነኩ ማዕዳቸው ላይ ተቀምጠው ነው፤ ራሳቸውንም አልማሩም። የመጀመሪያው ሕግ እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሳቅ ከራስ ቤት ይነሣ። ጸሐፊው ክርስቲያን ከሆነ በመክፈቻው አሥር ደቂቃ የሚሳቅበት ሰው ክርስቲያን ይሁን። ሙስሊም ከሆነም ሙስሊም፣ ጴንጤ ከሆነም ጴንጤ። ተመልካቹ «ይሄ ሰው የራሱን አልማረም» ካለ በኋላ ጆሮውን ይሰጣችኋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ሞሊዬር በ1664 እ.ኤ.አ. «ታርቲዩፍ»ን በቬርሳይ አሳየ። በጸሎት ስም አንድ ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ ቤቱን ሊያራቁት ስለሚነሣ አስመሳይ ነው። ወዲያው ታገደ። በ1667 ቀይሮት መጣ፤ አንድ ቀን ታይቶ እንደገና ታገደ። የተፈቀደለት በ1669 ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ! በእኛ ቋንቋ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተርጉሞታል፤ ያላነበባችሁት አንብቡት።

አሁን አሠራሩን ተመልከቱ። አስመሳዩ ሰውዬ እስከ ሦስተኛው ገቢር፣ ማለትም እስከ ቴአትሩ ሦስተኛ ክፍል ድረስ መድረክ ላይ አይወጣም! ሁለት ገቢር ሙሉ ስለ እሱ ይወራል፤ አንዱ ያመሰግነዋል፣ ሌላው ይረግመዋል። ሞሊዬር ራሱ ምክንያቱን ጽፏል። ሰውዬው ሲገባ ማንም ተመልካች ለቅጽበት እንኳ «ይሄ እውነተኛ መንፈሳዊ ሰው ይሆን?» ብሎ እንዳይጠራጠር ነው። አያችሁ ጥንቃቄውን? ደግሞ በጎኑ ክሌዓንት የሚባል ረጋ ያለ ሰው አቆመለት፤ እውነተኛ እምነትና የታይታ እምነት ይለያያሉ ብሎ የሚናገር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ብዙውን ሳቅ የሚሸከመው አስመሳዩ አይደለም፤ እሱን አምኖ ልጁንም ንብረቱንም ሊሰጠው የተነሣው አባወራ ኦርጎን ነው። ሞሊዬር ራሱ የተጫወተውም ኦርጎንን ነው። እንግዲህ ሳቁ የወደቀው በእግዚአብሔር ላይ ነው? በጸሎት ላይ ነው? አይደለም! ሳያይ አውቃለሁ ባለ ሰው ላይ ነው።

የምለው ይህችው ናት፤ ሳያይ አውቃለሁ በሚል ሰው ላይ ሳቁ ይውደቅ። ስለ ጎረቤቱ እምነት ሁሉንም አውቃለሁ የሚል፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው። እሱ ቄስም ሊሆን ይችላል፣ ሼህም፣ ፓስተርም፣ እምነት የለኝም የሚል የተማረ ሰውም። የመጨረሻውን አትርሱት፤ ብዙ ጽሑፎች እሱን ከሳቅ ነፃ ያወጡታል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። «በእንስሳት ተመስሎ ቢሠራስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በኮሜዲ ነው፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮመዲያ ነበር። ለመንግሥት ትችት እንስሳ ጥሩ መሸፈኛ ነው፤ ያም ሆኖ ከእገዳ አላመለጠም። ለሃይማኖት ግን አይሆንም። ለማን በግ ልትሰጡ ነው? ጅቡንስ ለማን? ሚና ስትከፋፍሉ ብቻ ጠብ ይነሣል!

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጽሑፉ።

ጉዳዩን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ጎንደር ላይ ተቀምጣችኋል። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወስኗል። ቀን ገበያ ላይ ተዋውሎ ማታ በየሰፈሩ መግባት፤ የኮሜዲ መነሻ ይሄ ነው፤ ሰው ሲፈላለግም ሲፈራራም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ስትሉ ደግሞ ወለቃ አለች። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች መንደር ነበረች። በ1991 እ.ኤ.አ. ግንቦት በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ሁሉ ግን ሕዝባችን እነዚህን ባለ እጆች ምን ይላቸው ነበር? ቡዳ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በማን ማረሻ እያረሰ? በእነሱ። በማን ምጣድ እየጋገረ? በእነሱ!

እንግዲህ ከዚህ አንድ ትዕይንት እንሥራ። ባልና ሚስት ምሳ ቀርበዋል። ሸክላ ሠሪዋ በደጅ ስታልፍ ባልየው ተደናግጦ ወጡን በነጠላው ይሸፍናል። እሷ ካለፈች በኋላ ቡና ይቀዳል። ባልየው ጀበናውን አንሥቶ እያገላበጠ ያደንቃል። ከዚያ፦

«እንዲህ ያለ ጀበና ከየት ተገኘ?»
«ከሸፈንክባት።»

አያችሁ፣ ሳቃችሁ! አሁን ሚስትየዋ «ከሸፈንክባት ሴትዮ ነው የገዛሁት» ትበል። ሳቁ የት ገባ? ሞተ። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የሚያስቀው ቃል ካለፈ በኋላ «ነው የገዛሁት» እየተባለ ይጎተታል፤ ተመልካቹም ሊስቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን የሳቅ መስመር አንድ በአንድ መርምሩ፤ የሚያስቀው ነገር የመጨረሻው ድምፅ መሆን አለበት። ከኋላው የሚንጠለጠለውን ቁረጡት።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሚስትየዋ ባሏን አልሰደበችም፣ «መናናቅ መጥፎ ነው» ብላ አልሰበከችም። ጀበናው ሥራውን ሠራ። ሸክላ ሠሪዋንስ ማን ሳቀባት? ማንም።

«ቡዳ» የሚለው ቃል ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ይግባ፤ ግን በጣም ጥቂት ጊዜ፣ በሚሳቅበት ሰው አፍ ብቻ፣ ተናግሮትም ወዲያው ዋጋ ይክፈልበት። ቃሉ ራሱ ሳቅ ካመጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ያ ስድብ የተለጠፈበት ሰው ልጅ ተቀምጦ እንደ ሆነስ? በሳቁ መሀል ብቻውን ይቀራል። «ፈላሻ» ለሚለውም ያው ነው። ተራኪም ደግ ገጸ ባሕርይም ቤተ እስራኤል ይበል።

አሁን ረዘም ወዳለው ምሳሌ። ድስት። ክርስቲያን ቤተሰብ የልጁን ምርቃት ይደግሳል፤ ጎረቤቶቹ ሙስሊሞች ናቸው። እዚህ አገር ወጉ ይታወቃል፤ ለሙስሊሞቹ በሙስሊም ይታረዳል፣ ለብቻ ድስት ይጣዳል። እናትየዋ እንዳይቀላቀል ብላ በሙስሊሞቹ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ይህን ክር ተመልካቹ ማየት አለበት፤ ጣት የሚያህል ጨርቅ ይሁን፣ ከአሥረኛው ረድፍ የሚታይ፤ ሲታሰር መብራት ሙሉ ይሁን፣ ሌላ ሰው መድረክ ላይ አይንቀሳቀስ። ከዚያ አንድ ትዕይንት ቆይቶ ሕፃኑ ልጅ ክሩን ፈትቶ የጨርቅ ኳሱን ያስርበታል። ማንም አላየውም፤ ተመልካቹ ግን አየ። ሦስተኛው፣ እንግዶች ሲቀመጡ እናትየዋ ሁለት ድስት ፊት ትቆማለች፤ ክር የለም።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት መንገድ አለው። ቀላሉ፣ አንዱ ሳያውቅ የሌላውን ሥጋ ይበላል፤ ሁሉም ይጮኻል። ይህን አትጻፉ! ጎንደር ላይ አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ ሃይማኖቱን ሳይወድ ያፈረሰ ሰው ለማንም አያስቅም። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው። እናትየዋ እውነቱን ለመናገር ታፍራለችና «ዛሬ ምግቡ ጨው በዛበት» ትላለች። ሙስሊሟ ጎረቤት ወዲያው ነገሩ ገብቷታል፤ ደጋሿን ላለማሳፈር «እኛማ በልተን ነው የመጣነው» ትላለች። የደጋሿ ባል «እኔም ሆዴን ቆርጦኛል» ይላል። አንዱ ለሌላው ሲል ሁሉም ይራባል። ምርጥ ወጥ በሁለት ድስት ቆሞ አሥር ሰው እየተራበ ይመሰጋገናል! ይህ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል። የሚያልቀውም ማታ ሁለቱ ሴቶች ማድ ቤት ውስጥ ሲያዙ ነው፤ ከአንድ ሰሐን ሽሮ ሲበሉ። ሽሮ ደግሞ ቢላዋ አይጠይቅም።

በዚህ ትዕይንት የሚሳቅበት ምንድን ነው? ይሉኝታችን። ጥላቻ ብቻ አይደለም መጠያየቅን የሚያስቀር፤ መከባበር የመሰለ ዝምታም አለ። ይህ የእኛ ነገር ነው፤ ከሞሊዬር አታገኙትም።

ስለ መጨረሻው፣ ስለ መቀባበል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ነው። አንዱ አወዳደቅ ስብከት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ ይመክራል፣ ተመልካቹ ቦርሳውን ያነሣል። ሌላው «ለካ ዘመዳችን ነው!» የሚለው ነው። የተናቀው ሰው መጨረሻ ላይ የጠፋ ወንድም ሆኖ ይገኛል። እህስ? ዘመድ ባይሆንስ ኖሮ? ሊቀበሉት አልነበረም ማለት ነው። ጀርመናዊው ሌሲንግ በ1779 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ናታን ጠቢቡ» በሚባል ተውኔት ክርስቲያኑን ወጣትና በአይሁዳዊ ቤት ያደገችውን ልጅ ወንድምና እህት፣ የሙስሊሙ ሱልጣንም የወንድም ልጆች አድርጎ ይጨርሳል። ግን ያሳደጋት አይሁዳዊ ናታን ለማንም የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ እሱ እንደ ሆነ ሆኖ ነው መካከላቸው የሚቆመው። ኮሜዲ አይደለም፤ ይህን አጨራረስ ግን እዩለት። በእኛ ጽሑፎች የማየው ሦስተኛ አወዳደቅ አንዱ ወደ ሌላው ሃይማኖት ሲገባ ነው። ያ መቀባበል ሳይሆን መዋጥ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለቅ? በትንሽ ድርጊት። ባልየው በጽሑፉ ሁሉ በዕድሜ እናቱ የምትሆነዋን ሸክላ ሠሪ «አንቺ» ይላታል፤ ለራሱ ሰፈር ባልቴት ግን «አንቱ» ይላል። ተመልካቹ ይህን ልዩነት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይስማ። መጨረሻ ላይ በር ላይ ስትቆም «ይግቡ» ይበላት። ሌላ ንግግር አያስፈልግም፤ መብራቱን ማጥፋት ነው።

ልምምዱን በአጭሩ። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጦ ንባብ ብቻ። ጽሑፉን ድምፅ አውጥታችሁ በሰዓት አንብቡት፤ 75 ደቂቃ ከወሰደ፣ እንቅስቃሴና ሳቅ ሲጨመርበት ወደ 90 ይጠጋል። ተዋናይ በሳቅ ላይ አይናገር፤ ግን ጸጥ እስኪል ድረስም አይጠብቅ። ሳቁ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ መውረድ ይጀምራል፤ መውረድ ሲጀምር ቀጣዩን ይበል። ቀድሞ ከተናገረ መስመሩ ይጠፋል፤ ከዘገየ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል።

ሃይማኖት በሚነካ ትዕይንት ከጽሑፍ ውጭ መጨመር ክልክል ይሁን። ቴአትሩ መታየት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ተዋናይ ሳቅ ሲለምድ እጁ ይፈታል፣ ከራሱ ይጨምራል፤ በሌላ ኮሜዲ ችግር የለውም፣ በዚህ ግን አንዲት አፍ እላፊ ስድስት ሳምንቱን ታፈርሳለች። የመድረክ ኃላፊው የተጨመረውን ሁሉ ይመዝግብ፤ በማግስቱ ይወሰንበት። የአነጋገር ዘይቤ ማስመሰልም ይቅር። የሙስሊሙን ሰላምታ አጣምሞ ማለት፣ ፓስተሩን በጩኸት ብቻ መሳል፤ ሳቅ ይመጣል፣ ግን ርካሽ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። መድረክ ላይ ምን አይውጣ? እውነተኛ መስቀል፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ቁርኣን፣ መጽሐፍ ቅዱስ አይውጡ። ቄሱ የሚይዘው መስቀል በቁሳቁስ ክፍል የተሠራ ይሁን። ቅዳሴና አዛን በተዋናይ አፍ አይደረጉ። ሰዓት ለማመልከት ከሩቅ ደወል ወይም አዛን ማሰማት ካስፈለገ፣ ከሳቅ በፊትም ከሳቅ በኋላም አይሁን፤ ፋታ ይኑረው። አለባበሱን አጣሩ፤ የጥምጥም አጠማጠም ሲሳሳት የሚያውቅ ሁሉ ከታሪኩ ይወጣል። ቀብር ላይ የሚሆን የሳቅ ትዕይንትም በዚህች ከተማ አታስገቡ። ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ሰው የሞተበትን ሚያዝያ 2014ን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የረሳ የለም፤ ከዚያ በላይ አልልም።

ምግብ። በመድረክ ላይ የሚበላ ነገር የጾም ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ ልምምድ ታደርጋላችሁ፣ ተዋናዩ ደግሞ ይጾማል። ዶሮ ወጥ ካስፈለገ በዘይት የተሠራ ሽንኩርትና በርበሬ፣ ለእንቁላሉ ድንች። ቅቤ አታስገቡ፤ ሽታው ፊት ረድፍ ይደርሳልና።

ጽሑፉን ለአንድ የቤተ ክርስቲያን መምህርና ለአንድ ሼህ አስነብቡ፤ ስለ ፓስተር ከሆነም ለፓስተር። መቼ? ልምምድ ከመጀመሩ በፊት። ከመታየቱ በፊት በሚደረገው የመጨረሻ ጠቅላላ ልምምድ ቀን ከጠራችኋቸው ማረም አይቻልም፣ እናንተም ትከራከራላችሁ። ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? «ያስቀይማል ወይ?» አትበሉ፤ ሁሉንም ቁረጡ ነው መልሱ። «እንዲህ ይደረጋል ወይ? ትክክል ነው ወይ?» በሉ። ያኔ ያስተምሯችኋል፤ ብዙ ጊዜም የተሻለ ቀልድ ይጨምሩላችኋል።

ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለኪነ ጥበብ ሥራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ይህ ግን ስልክ የያዘውን ተመልካች አያስቆመውም። ዛሬ ቴአትራችሁ የሚወራው ሙሉውን ባየው ሰው አይደለም፤ ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ በሚወጣው ነው። ስለዚህ ይህን ፈተና ሥሩ፤ ከጽሑፉ የትኛውንም 30 ሰከንድ ቁረጡና ብቻውን አንብቡት። ስድቡ ብቻ የሚሰማበት፣ መልሱ ግን የማይሰማበት ቁራጭ ካለ፣ መልሱን ወደ ስድቡ አቅርቡት። ከላይ ያለው የጀበና ትዕይንት ለምን አጭር እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

የመጨረሻው፣ ቀኑ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ኮሜዲ ማሳየት ተመልካች ማጣት ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሁሉም ፈስኮ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይመጣል። ዓርብ ቀትር አይሁን፣ እሑድ ጧትም አይሁን። የምመክረው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የ90 ደቂቃ ቴአትር 9 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ሙስሊሙ «አስር» ለሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት ይደርሳል። በእኛ ልማድ ግማሽ ሰዓት ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ግን የመጨረሻውን ትዕይንት ሳያይ ተነሥቶ የሚወጣው እሱ ነው፤ ተቀምጦ የሚቀረው ደግሞ «አያችሁ፣ ተቀይመው ወጡ» ይላል። 8 ሰዓት ካላችሁ 8 ሰዓት ጀምሩ፤ የክብር እንግዳ አትጠብቁ።

ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን እየተቀባበላችሁ፤ ከዚያ ከግራ በኩል እንጀምር።